በራዳር ምስል ላይ ያልታየ ፎልት የለም ማለት አይደለም

«እዚህ ፎልት ቢኖር ኖሮ መስመሩ በምስሉ ላይ ይወጣ ነበር።» ይህን መስማት ሰልችቶኛል፤ የሚሉት ጀማሪዎች ብቻ አለመሆናቸው ደግሞ የበለጠ ያበሳጫል። ፎልት ማለት መሬት ተሰንጥቆ አንዱ ጎን ከሌላው የተንሸራተተበት መስመር ነው፤ በገጹ ላይ ብዙ ጊዜ በገደል ይታወቃል።

የሳተላይት ራዳር የራሱን ሞገድ ወደ ጎን እየላከ ተመልሶ የመጣለትን ይመዘግባል። ሞገዱ ፊት ለፊት የሚያገኘው ገደል ይደምቃል፤ ጀርባውን የሰጠው ይጨልማል። ሞገዱ በሚሄድበት አቅጣጫ የተዘረጋ ገደል ግን ግራና ቀኙ እኩል ስለሚመልስ ከአካባቢው ሳይለይ ይቀራል።

አንድ ባልደረባዬ ባመጣልኝ ካርታ ላይ ፎልቶቹ ከሞላ ጎደል ሁሉም ከሰሜን ወደ ደቡብ የተሰመሩ ነበሩ። «የሁለቱንም ጉዞ ምስል አይቻለሁ» አለኝ በእርግጠኝነት። ስህተቱም እዚሁ ላይ ነው። ሴንቲኔል-1 የተባለው የራዳር ሳተላይት የሚያየው ወደ ቀኙ ነው፤ ወደ ሰሜን ሲጓዝ ወደ ምሥራቅ ገደማ፣ ወደ ደቡብ ሲመለስ ወደ ምዕራብ ገደማ። ሁለቱ ምስሎች ቢደራረቡም ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የተዘረጋው ከሁለቱም ያመልጣል። ኢንደቨር የተባለችው የጠፈር መንኮራኩር እ.ኤ.አ. በ2000 የሰበሰበችውን የከፍታ መረጃ ከፍተን ሰው ሠራሽ ብርሃን ከሰሜን በኩል ስናበራበት ያልተሰመሩት ገደሎች ወጡ። እባካችሁ ይህን ሳታደርጉ የፎልት አቅጣጫ ስታቲስቲክስ አትሥሩ። ለትንንሾቹ ገደሎች ደግሞ የኦፕቲካል (በፀሐይ ብርሃን የሚነሣ) ምስል ጨምሩ።

«ደማቁ አንድ ዓይነት ዐለት ነው» የሚሉም አሉ። ድምቀቱን በአብዛኛው የሚወስኑት የገጹ ሸካራነት፣ ተዳፋቱና እርጥበቱ ናቸው። ከአንድ እሳተ ገሞራ የወጣ፣ ኬሚካላዊ ይዘቱ አንድ የሆነ ላቫ ሸካራው ደማቅ፣ ለስላሳው ጥቁር ሆኖ ይወጣል። የሞገድ ርዝመቱ 5.6 ሴንቲሜትር ለሆነ ራዳር ሸካራ የሆነ ጠጠርም ለ24 ሴንቲሜትሩ ለስላሳ ሊሆን ይችላል።

«ራዳር ከመሬት በታች ያያል» የሚለው የመጣው እ.ኤ.አ. በ1981 ኮሎምቢያ በተባለችው የጠፈር መንኮራኩር ላይ ከነበረው ራዳር ነው፤ በምሥራቅ ሰሃራ አሸዋ የቀበራቸውን ጥንታዊ የወንዝ ሸለቆዎች አሳይቷል። አሸዋው ግን እጅግ ደረቅ ነበር፤ ጥልቀቱም ጥቂት ሜትር ቢሆን ነው። እርጥብ ሸክላ አፈር ላይ ይህን አትጠብቁ፤ ወርቅ ፍለጋማ ጭራሽ።

በምስሉ ላይ ወደ ራዳሩ ያጋደለ ተራራ ስታዩም የድርድር (የተነባበረ) ዐለቱን ዝንባሌ አትለኩበት። ጫፉ ከግርጌው ይልቅ ለራዳሩ ስለቀረበ ቀድሞ ተመዝግቦ ነው።