ስለ ኑዛዜና ውርስ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከቱሉ ዲምቱና ከኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየሞች አንሥቶ እስከ የካ አባዶና ጀሞ ድረስ በአዲስ አበባ ዳርቻ የሚኖር ቤተሰብ ሀብቱ ብዙውን ጊዜ አንድ ቤት ነው። ቤቱ በዕጣ የደረሰ፣ የባንክ ዕዳው ተከፍሎ ያላለቀ ኮንዶሚኒየም ሊሆን ይችላል፤ ወይም ከተማው እየሰፋ ሲመጣ የእርሻ መሬታቸውን ለቀው ካሳና ምትክ ቦታ የተሰጣቸው አባት የሠሩት ግቢ ይሆናል። በዚህ አካባቢ በጥብቅና ሥራ ስኖር እንዳየሁት፣ ያ አንድ ቤት ባለቤቱ ሲሞት ቤተሰቡን ሰብስቦ የሚያኖር ወይም የሚበትን መሆኑ የሚወሰነው ሟች በሕይወቱ ሳለ አስቦ ባዘጋጀው ወረቀት ነው። ደንበኞቼ ደጋግመው የሚነግሩኝን አመለካከቶች ከዚህ በታች አንድ በአንድ አነሣለሁ። የውርስ ሕጋችን መሠረት የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። የባልና የሚስት ንብረት ግን በአዲስ አበባ የሚመራው በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ ማለትም በአዋጅ ቁጥር 213/1992 ሲሆን፣ ወሰኑን ተሻግረው በሸገር ከተማ ለሚኖሩ ደግሞ የኦሮሚያ ክልል የራሱ የቤተሰብ ሕግ አለው።

«ኑዛዜ የሀብታም ነገር ነው፤ ደግሞም ሞትን ይጠራል»

ብዙ ንብረት ያለው ሰው ልጆቹ ቢጣሉ እንኳ ለእያንዳንዳቸው የሚደርሳቸው ነገር አይጠፋም። አንድ ባለ ሁለት መኝታ ቤት ለአምስት ወራሾች ሲቀር ግን በዓይነት ሊከፋፈል ስለማይችል፣ ካልተስማሙ መጨረሻው በሐራጅ ተሽጦ ገንዘቡን መካፈል ይሆናል። በዚያ ገንዘብ በዚያው ሰፈር ሌላ ቤት የሚገዛ ወራሽ አላየሁም። ስለዚህ ኑዛዜ ይበልጥ የሚያስፈልገው ንብረቱ ጥቂት ለሆነ ቤተሰብ ነው። ሞትን ይጠራል የሚለውን ፍርሃት አልንቀውም፤ አባቴም ይሉት ነበር። ነገር ግን እድር ገብተን በየወሩ የምናዋጣው ሞትን እየጠራን አይደለም።

«ባለቤቴ ቢሞት ቤቱን የምወርሰው እኔ ነኝ»

ይህ ከሁሉ የበለጠ ጉዳት የሚያደርስ ስሕተት ስለሆነ ረዘም አድርጌ እጽፈዋለሁ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ያለ ኑዛዜ የሞተን ሰው የሚወርሱትን በቅደም ተከተል ይዘረዝራል። በመጀመሪያ ደረጃ የሚገኙት ልጆች ናቸው፤ ከእነርሱ ቀድሞ የሞተ ካለ የእርሱ ልጆች በእርሱ እግር ተተክተው ይወርሳሉ። ልጅ ከሌለ ውርሱ ወደ ሟች እናትና አባት፣ እነርሱም ከሌሉ ወደ ወንድምና እኅት ይሄዳል። በዚህ ዝርዝር ውስጥ ሚስት ወይም ባል የለችም፤ የለምም። በሕይወት የቀረው ተጋቢ የሚያገኘው የጋራ ንብረት ግማሹን ነው፤ ያንንም የሚያገኘው በወራሽነት ሳይሆን ከመጀመሪያውም የራሱ ስለሆነ ነው።

ልጅ ያልወለዱ ባልና ሚስት ሃያ ዓመት ከፍለው ያጠናቀቁትን ኮንዶሚኒየም እናስብ። ባል ያለ ኑዛዜ ቢሞት የቤቱ ግማሽ የሚተላለፈው ወደ እናቱና አባቱ ነው፤ እነርሱም ካለፉ ምናልባት ለቅሶ ላይ ብቻ የታዩ ወንድሞቹና እኅቶቹ ከመበለቲቱ ጋር የቤቱ የጋራ ባለቤቶች ይሆናሉ። ባል በኑዛዜው ድርሻውን ለሚስቱ ሰጥቶ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን መጨመር ያስፈልጋል። በጋብቻ ውስጥ የተገኘ ንብረት ካርታው በአንደኛው ስም ብቻ ቢሆንም የግል መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ የጋራ እንደሆነ ይገመታል፤ ስለዚህ «ካርታው በእሱ ስም ነው» የሚለው የዘመድ ንግግር ሚስትን ሊያስደነግጣት አይገባም። ባል ከጋብቻ በፊት የነበረውን ቤት በተመለከተ ግን ሁኔታው የተለየ ነው፤ የግል ሀብቱ መሆኑ ከተረጋገጠ ሚስት ግማሹን እንኳ አታገኝም። ሳይጋቡ እንደ ባልና ሚስት አብረው የሚኖሩትም የአዲስ አበባው የቤተሰብ ሕግ የጋራ ንብረት የሚያደርግላቸው አብሮ መኖራቸው ከ3 ዓመት ላላነሰ ጊዜ ሲቆይ ነው።

ሟች ሙስሊም ሆኖ ተከራካሪዎቹም ፈቅደው ጉዳዩ በአዋጅ ቁጥር 188/1992 በተጠናከሩት የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ሲታይ ግን ሚስት ወራሽ ናት፤ ባል ልጅ ካለው ስምንተኛውን፣ ከሌለው አራተኛውን ታገኛለች።

«ሽማግሌ ባለበት የተጻፈ ኑዛዜ ማን ያፈርሰዋል?»

ሕጉ ያፈርሰዋል። አንዲት እናት ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ ወረቀቶቻቸውን በጥቁር ፌስታል ጠቅልለው ይዘው መጡ። የባንክ ደብተር፣ የልጆች የልደት ካርድ፣ የውኃና የመብራት ደረሰኝ፣ ከሥር ደግሞ በአራት የታጠፈ አንድ ገጽ ኑዛዜ ነበር። ኑዛዜውን በኮምፒውተር የጻፈው ፍርድ ቤት አጠገብ የሚቀመጥ ራፖር ጸሐፊ ነው። «እኛ ባልና ሚስት በሙሉ ፈቃዳችን» ብሎ ይጀምርና ከግርጌው የሁለቱ ፊርማ፣ ከጎኑም የሦስት ምስክሮች ስም አለ፤ አንዱ የእድር ዳኛ፣ አንዱ ጎረቤት፣ አንዱ የነፍስ አባታቸው። ሦስቱም የተከበሩ ሰዎች ናቸው፤ የሟችም ሐሳብ ከፀሐይ የጠራ ነበር። ወረቀቱ ግን በሦስት ምክንያት ዋጋ አልነበረውም። ኑዛዜ የአንድ ሰው ብቻ ሥራ ስለሆነ ባልና ሚስት በአንድ ሰነድ የሚያደርጉት ኑዛዜ ፈራሽ ነው። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በ4 ምስክሮች ፊት ሊነበብ ይገባል፤ እዚያ ያሉት 3 ናቸው። መነበቡም በሰነዱ ላይ አልተጠቀሰም። እናትየው ወረቀቱን መልሰው በነበረው እጥፋት አጥፈው ፌስታሉ ውስጥ ሲከቱት የተሰማኝን እስከ ዛሬ አልረሳውም።

ሕጉ የሚያውቃቸው የኑዛዜ ዓይነቶች ሦስት ናቸው። በግልጽ የሚደረገው ኑዛዜ በተናዛዡ ወይም እርሱ ሲናገር በሌላ ሰው ይጻፋል፤ ከተነበበ በኋላ ቀኑና መነበቡ ተገልጾ ተናዛዡና ምስክሮቹ ወዲያው ይፈርሙበታል። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ፣ የፍርድ ቤት ሬጅስትራር ወይም አዋዋይ (ሰነድ የሚያረጋግጥ ባለሥልጣን) ከሆነ 2 ምስክሮች ይበቃሉ፤ ኑዛዜን በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ መሥሪያ ቤት ማድረግን ደጋግሜ የምመክረውም ለዚህ ነው። ሁለተኛው ተናዛዡ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በገዛ እጁ የሚጽፈው ሲሆን፣ ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ መናገር፣ በየገጹም ቀንና ፊርማ መያዝ አለበት። ይህ ኑዛዜ ከተጻፈ ጀምሮ በ7 ዓመት ውስጥ በአዋዋይ ዘንድ ወይም በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ቀሪ ይሆናል፤ መጽሐፍ ቅዱስ ወይም ቁርኣን ውስጥ ተሸሽጎ የቆየ ስንት ወረቀት በዚህ ምክንያት ዋጋ አጥቷል።

ሦስተኛው የቃል ኑዛዜ ነው። ብዙ ሰው አባት በሞት አልጋ ላይ ሆኖ «ቤቱን ለታናሹ ሰጥቻለሁ» ካለ አለቀ ብሎ ያምናል። በ2 ምስክሮች ፊት የሚነገረው የቃል ኑዛዜ ግን የሚችለው የቀብርን ሥርዓት መወሰን፣ ለትናንሽ ልጆች ሞግዚትና አሳዳሪ መሰየም፣ እያንዳንዱ ከ500 ብር የማይበልጥ ስጦታ መተው ብቻ ነው። 500 ብር ዛሬ የአንድ ቤት በር እጀታ አይገዛም። ተናዛዡ ተሽሎት ከተነሣም ቃሉ ከ3 ወር በኋላ ቀሪ ይሆናል።

ምስክር የሚመረጥበትም መንገድ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በኑዛዜው ንብረት የተሰጠው ሰው ራሱ ምስክር ሆኖ ከፈረመ የተሰጠውን ፍርድ ቤት ሊቀንስበት ወይም ሊሽርበት ይችላል።

«አስቸጋሪውን ልጄን በኑዛዜው ሳልጠቅሰው ካለፍኩ ተነቅሏል»

አልተነቀለም። ልጅን በዝምታ ማለፍ ከውርስ መንቀል አይደለም። ወላጅ ልጁን ሊነቅል የሚችለው መንቀሉንና ለመንቀሉ ያበቃውን ምክንያት በኑዛዜው ውስጥ በግልጽ ሲጽፍ ነው። ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅም «የውጭ ልጅ» ተብሎ አይገፋም፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 መብቱን ከሌሎቹ ጋር እኩል አድርጎለታል፤ ድርሻውም እኩል ነው። እንዲህ ያለ ልጅ ያላቸው አባቶች ነገሩን ለጠበቃ በጊዜው ቢገልጹት፣ ቤተሰቡ ሳልስት ሳይወጣ አዲስ ወንድም እንዳለው ከመስማት ይድናል።

«ቤቱን ያሠራሁት እኔ ነኝና የእኔ ነው»

ይህን የሚሉኝ ከቤይሩት፣ ከዱባይ ወይም ከሪያድ የሚደውሉ ልጆች ናቸው። አንዲት ልጅ ዐሥር ዓመት ሰው ቤት ሠርታ በየወሩ የላከችው ገንዘብ ብሎኬትና ቆርቆሮ ሆኗል፤ ቦታው ግን የአባቷ ስለሆነ ካርታው በአባቷ ስም ነው። አባት ሲያርፉ ቤቱ የሟች ሀብት ተብሎ ይቆጠርና ለልጆች ሁሉ እኩል ይከፈላል። እሷ ገንዘቡ የእሷ እንደነበረ በማስረጃ ካላረጋገጠች አንድ ሳንቲም ካልላከው ወንድሟ እኩል ትሆናለች፤ ገንዘቡ በዘመድ እጅና በመንገደኛ የተላከ ሲሆን ደግሞ ማስረጃው ከየት ይመጣል? ሳያማክሩኝ ቀርተው በኋላ ከሚያለቅሱብኝ ሰዎች ሁሉ ይልቅ የምታሳዝነኝ ይህች ልጅ ናት። አባትና ልጅ በሕይወት ሳሉ በባለሙያ የተዘጋጀ ውል፣ ስጦታ ወይም ኑዛዜ ቢያደርጉ የዐሥር ዓመት ድካሟ ይከበራል።

«ውክልና ሰጥቼዋለሁ፤ ሌላ ወረቀት አያስፈልግም»

በመርህ ደረጃ ውክልና ሰጪው ሲሞት ይቋረጣል። በሟች ውክልና ባንክ ሄዶ ገንዘብ ማውጣት ወይም ቤት መሸጥ ተወካዩን በወንጀል ሊያስጠይቀው ይችላል።

«የሽያጭ ውል አስመስለን ወደ አንዱ ልጅ ስም ብናዛውረው ይቀላል»

ገንዘብ ያልተከፈለበት ሽያጭ ሌሎቹ ልጆች ፍርድ ቤት ሄደው እንዲያፈርሱት በር ይከፍታል። መስጠት ከተፈለገ ስጦታ ተብሎ ይደረግ፤ የማይንቀሳቀስ ንብረት ስጦታ ደግሞ በግልጽ እንደሚደረግ ኑዛዜ ዓይነት ሥርዓት ካልተደረገ ዋጋ እንደማይኖረው መታወስ አለበት። ሰጪው በሕይወቱ ሳለ ባለቤትነቱን እንደሚያጣም ልብ ይሏል። በስጦታ ከሰጡት ቤት ምራት ያስወጣቻቸው እናት አውቃለሁ፤ ኑዛዜ ግን ተናዛዡ እስከ ዕለተ ሞቱ ሊሽረው የሚችለው ስለሆነ እንዲህ ያለ አደጋ የለውም።

«ልጆቼ ይዋደዳሉ፤ ውርሱም የትም አይሄድም»

ይዋደዱ ይሆናል። ፍቅራቸው ግን የወራሽነት ማረጋገጫ አያወጣላቸውም፤ የታገደውን የባንክ ሒሳብም አያስከፍትላቸውም። ጊዜውም ይሮጣል፤ ከወራሾቹ አንዱ ንብረቱን ብቻውን ይዞ ሲጠቀም ሌላው መብቱንና ንብረቱ መያዙን ካወቀ በ3 ዓመት ውስጥ ካልከሰሰ ጥያቄው በይርጋ ሊታገድ ይችላል። ወንድሜን እንዴት እከሳለሁ ብላ በይሉኝታ ዝም ያለች እኅት የምትጎዳው እዚህ ላይ ነው። በኑዛዜ የውርስ አጣሪ የሰየመ አባት ልጆቹን ከዚህ ዓይነቱ መፋጠጥ ያወጣቸዋል፤ ዕዳውን ከፍሎ፣ ንብረቱን ቆጥሮ የሚያስረክብ ሰው ከመጀመሪያው ይታወቃልና።

«አንድ ጊዜ ከተጻፈ አይነካም»

ኑዛዜ ከተደረገ በኋላ ልጅ ሲወለድ ወይም ፍቺ ሲመጣ በውስጡ የተሰጡ ስጦታዎች በሕግ ቀሪ ሊሆኑ ይችላሉ። ስለዚህ በቤተሰቡ ውስጥ ሠርግ፣ ልደት፣ ፍቺ ወይም የቤት ግዢ በመጣ ቁጥር ወረቀቱን አውጥቶ ከጠበቃ ጋር ማንበብ ያስፈልጋል።

«ጠበቃ ለመቅጠር አቅም የለኝም»

ኑዛዜ ማዘጋጀት የአንድ ወይም የሁለት ቀን ሥራ ነው፤ ዋጋውም ከአንድ የውርስ ክርክር ወጪ ጋር አይነጻጸርም። መክፈል ለማይችል ሰው ጠበቆች ነፃ አገልግሎት የመስጠት ግዴታ አለባቸው፤ የዩኒቨርሲቲዎች የሕግ ትምህርት ቤቶችም ነፃ የሕግ ድጋፍ የሚሰጡባቸው ማዕከላት አሏቸው። ስትመጡ ካርታውን ወይም የኮንዶሚኒየሙን ውል፣ የጋብቻ ማስረጃውን፣ የልጆቹን ሁሉ የልደት ማስረጃ፣ የባንክ ብድር ካለ ስምምነቱን ይዛችሁ ኑ። የእርሻ መሬት ይዞታ ያለው ቤተሰብ የይዞታ ደብተሩን ለብቻው ያሳይ፤ መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ የመጠቀም መብቱ የሚተላለፈው በገጠር መሬት ሕግ ነው እንጂ እንደ ቤት በፈለጉት መንገድ አይደለም። ባልና ሚስት ከሆናችሁ ሁለታችሁም ኑ፤ የምትፈርሙት ግን በሁለት የተለያዩ ወረቀቶች ላይ ይሆናል።