ስም ብቻ ይዞ አይሪሽ ቅድመ አያትን መፈለግ

በአሜሪካ፣ በካናዳ፣ በአውስትራሊያና በእንግሊዝ «ዘራችን ከአየርላንድ ነው» የሚሉ ሰዎች በሚሊዮን ይቆጠራሉ። ከአየርላንድ የት ሲባሉ ግን ብዙዎቹ ከአንድ ስም በቀር የሚሉት የላቸውም። ስሙም ጆን መርፊ ይሆናል። መርፊ በአየርላንድ ከሁሉ የበዛው የቤተሰብ ስም ስለሆነ፣ በስም ብቻ የተነሳ ሰው ብዙ ጆን መርፊ ያገኛል፤ የራሱን ለይቶ ማወቅ ነው የሚያቅተው።

ጣጣው የሚጀምረው ከስደቱ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ከ1845 እስከ 1852 ድንች በበሽታ ሲጠፋ፣ ድንች በልቶ የሚያድረው ድሃ ገበሬ አለቀ፤ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው ሞተ፣ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ደግሞ በመርከብ ወጣ። በ1841 ከ8 ሚሊዮን በላይ የነበረው ሕዝብ በ1851 ወደ 6.5 ሚሊዮን ወረደ። እንዲህ ነፍሱን ይዞ የወጣ ሰው ወረቀት አልያዘም። ብዙው መጻፍም አይችልም ነበር፤ ስሙን የጻፈለት ሌላ ሰው ነው፣ እንደሰማው። ኦብራየን የነበረው ብራየን ይሆናል። ዕድሜም በግምት ነው የሚነገረው፣ ስለዚህ የ5 ዓመት ልዩነት ስለተገኘ ብቻ «ይሄ ሌላ ሰው ነው» ብሎ መተው አይገባም።

ከዚያ ደግሞ እሳቱ አለ። ጁን 30 ቀን 1922፣ የእርስ በርስ ጦርነቱ ገና ሲጀምር፣ ደብሊን የነበረው የመንግሥት መዝገብ ቤት ተቃጠለ። ከ1821 እስከ 1851 የተደረጉት አራት የሕዝብ ቆጠራዎች ከጥቂት ቅሪት በቀር አመድ ሆኑ። ከ1861 እስከ 1891 ያሉትን ያጠፋቸው ደግሞ ራሱ መንግሥት ነው። ከእንግሊዝ አገዛዝ ዘመን ሙሉ ሆነው የቀሩት የ1901 እና የ1911 ቆጠራዎች ብቻ ናቸው። ሁለቱም ኢንተርኔት ላይ በነጻ ይገኛሉ፤ በረሀቡ ጊዜ የወጣው ሰው ግን ያኔ አገሩን ከለቀቀ 50 ዓመት ገደማ ሆኖታል።

እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ የጡረታው ነገር ነው። ከ1909 ጀምሮ 70 ዓመት ለሞላቸው ጡረታ መከፈል ሲጀምር፣ የልደት ወረቀት የሌላቸው ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ዕድሜያቸው እንዲረጋገጥ በ1841 ወይም በ1851 ቆጠራ ውስጥ ስማቸው እንዲፈለግላቸው አመለከቱ። ቆጠራው ኋላ ሲቃጠል ፍለጋው የተጻፈባቸው ቅጾች ተረፉ። ከጠፋው መዝገብ የአንዳንድ ቤተሰብ ስም ዛሬ የሚነበበው ልጅ ሳሉ ለተቆጠሩ ለእነዚህ ሽማግሌዎች ጡረታ ሲባል በተገለበጠው ወረቀት ላይ ነው።

«ሁሉም ተቃጥሏል» የሚባለው ግን ልክ አይደለም። የካቶሊክ አጥቢያዎች የክርስትናና የጋብቻ መዝገባቸውን በየቤታቸው ስላኖሩት እሳቱ አላገኘውም። ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ በ2015 እስከ 1880 ገደማ ያለውን በነጻ ኢንተርኔት ላይ አውጥቶታል። ብዙው በላቲን ነው፤ ጄምስ «ያኮቡስ» ተብሎ ተጽፎ ይገኛል። ከ1864 ጀምሮ ደግሞ የማንኛውም ሰው ልደት፣ ጋብቻና ሞት በመንግሥት ይመዘገባል። ከ1847 እስከ 1864 ለግብር ተብሎ የተሠራው የግሪፊዝ ግምትም የትኛውን መሬትና ቤት ማን እንደያዘ በስም ይዘረዝራል።

ችግሩ እነዚህ ሁሉ የሚከፈቱት በቦታ ስም መሆኑ ነው። አየርላንድ 32 ካውንቲ አላት፣ ከታች ደግሞ ታውንላንድ የሚባሉ ከ60,000 በላይ ትንንሽ የመሬት ክፍሎች አሉ። ያቺን ትንሽ ስም የሚያውቃት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሰውየው የሄደበት አገር ነው። ስለዚህ ፍለጋው እዚያ ይጀመር! የመቃብር ድንጋይ ላይ የትውልድ ካውንቲውና አጥቢያው የተቀረጸለት አለ። በብዙ የአውስትራሊያ ግዛቶች የሞት ምስክር ወረቀት የሟቹን የትውልድ ቦታና የወላጆቹን ስም ይይዛል። ኒው ዮርክ ውስጥ በ1850 የተመሠረተው የስደተኞች ቁጠባ ባንክ ደንበኛው የት እንደተወለደ፣ በየትኛው መርከብ እንደመጣና ቤተሰቡ እነማን እንደሆኑ ይጽፍ ነበር። ከ1831 እስከ 1921 ቦስተን ፓይለት ጋዜጣ ላይ የወጡት የጠፋ ዘመድ ፍለጋ ማስታወቂያዎች አሉ፤ እህት ወንድሟን ስትፈልግ መንደሩን፣ አጥቢያውን፣ የወረደበትን ወደብ ሁሉ ትጠቅሳለች። ሲነበቡ አንጀት ይበላሉ።

የራሱ ወረቀት ዝም ካለ አጠገቡ የነበሩትን ማየት ነው። አይሪሾች የሚሰደዱት ተጠራርተው ነበር፤ አንዱ ቀድሞ ይሄዳል፣ ሠርቶ ለቀጣዩ የመርከብ ገንዘብ ይልካል። ስለዚህ የልጆቹ ክርስትና አባትና እናት፣ የጋብቻው ምስክሮች፣ ጎረቤቶቹ ብዙ ጊዜ የአገሩ ልጆች ናቸው። የአንዱ መንደር ከታወቀ የሌላውም እዚያው አካባቢ ሊሆን ይችላል። የልጆቹ ስምም ይጠቁማል፤ በልማድ የመጀመሪያው ወንድ ልጅ በአባቱ አባት፣ የመጀመሪያዋ ሴት ልጅ በእናቷ እናት ስም ትጠራለች።

ለዚህ የአኒ ሙር ታሪክ ጥሩ ምሳሌ ነው። ጃንዋሪ 1 ቀን 1892 ኒው ዮርክ ወደብ ላይ የኤሊስ ደሴት የስደተኞች መቀበያ ሲከፈት መጀመሪያ የተመዘገበችው ይቺ የአየርላንድ፣ የኮርክ ልጅ ናት፣ ሁለት ታናናሽ ወንድሞቿን ይዛ ወላጆቿ ዘንድ ስትመጣ። ለብዙ ዓመታት ቴክሳስ ሄዳ እዚያ እንደሞተች ይነገር ነበር። በ2006 ግን የቴክሳሷ አኒ ሙር ኢሊኖይ ውስጥ የተወለደች ሌላ ሴት መሆኗ ተረጋገጠ። ወደ እውነተኛዋ ካደረሱት ወረቀቶች አንዱ የወንድሟ የፊሊፕ የዜግነት ሰነድ ነው። ከኒው ዮርክ ሳትርቅ ኖራ፣ ልጆች ወልዳ፣ በ1924 ሞታ ነበር። እዚያው ኒው ዮርክ፣ ኩዊንስ በሚባለው ክፍል ያለው መቃብሯ ላይ ስሟን የያዘ ድንጋይ የቆመው በ2008 ነው።