ከቁማር ራስን ማሳገድ ምንድን ነው?

ሰውዬው ራሱ ሄዶ «እኔን አታጫውቱኝ» ብሎ ይመዘገባል። ከዚያ በኋላ ቢያምረውም አያጫውቱትም። ነገሩ በአጭሩ ይኸው ነው። አሠራሩ ላይ ግን ብዙ ጉድ አለ፤ የእንግሊዞቹን ይዘን እንየው (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)።

የብሪታንያ የቁማር ሕግ የወጣው በ2005 ነው። ስማርት ስልክ ገና እጃችን ላይ አልገባም። ያኔ ቁማር በአመዛኙ ሄደው የሚገቡበት ቤት ነበር፤ ቤቱ ደግሞ ሰዓቱ ሲደርስ ይዘጋል፣ ተጫዋቹም ወደደም ጠላም ወጥቶ ብርዱን እየጠጣ ቤቱ ይገባል። አሁን ቁማር ቤቱ ኪስ ውስጥ ነው። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ አልጋው ውስጥ ሆኖ የተበላውን ለማስመለስ የሚታገል ሰው «ይብቃህ» የሚለው የለም።

ጋምስቶፕ የተባለው ነጻ አገልግሎት በ2018 ተጀመረ። ስም፣ የትውልድ ቀን፣ አድራሻ፣ ኢሜይልና ስልክ ይሞላል፤ 6 ወር፣ 1 ዓመት ወይም 5 ዓመት ይመረጣል። ከማርች 31 ቀን 2020 ጀምሮ ደግሞ እዚያ አገር ፈቃድ ያለው የኦንላይን አቋማሪ ሁሉ ከዚህ መዝገብ ጋር የመያያዝ ግዴታ አለበት። አንድ ጊዜ መመዝገብ ነው፣ ሁሉም ጋ በሩ ይዘጋል። ጋምስቶፕ ከመምጣቱ በፊት እያንዳንዱ ድርጅት ለየብቻው ነበር የሚያግደው። አንዱ ጋ የታገደ ሰው ሌላው ጋ ሄዶ አዲስ አካውንት ይከፍታል፤ እዚያ እንዲያውም ለአዲስ ደንበኛ ብለው ቦነስ ይጨምሩለታል!

ዋናው ነገር ግን እገዳው መሃል ላይ አለመነሳቱ ነው። «ሐሳቤን ቀየርኩ» ብሎ ነገር የለም። ጊዜው ቢያልቅ እንኳ በራሱ አይነሳም፤ ሰውዬው ራሱ አነጋግሮ ማስነሳት አለበት፣ ከዚያም 24 ሰዓት ይጠብቃል። ለምን ይህን ያህል? ቁማር የያዘው ሰው ጠዋት «ሁለተኛ አልደርስባትም» ብሎ ይምላል፣ ማታ ደግሞ «ይቺን ብቻ» ይላል። ሁለቱንም ከልቡ ነው የሚላቸው። እገዳው የጠዋቱን ቃል ማታ ላይ ያስከብርለታል። ሞንዞ የተባለው ባንክም በ2018 ተመሳሳይ ነገር ጀምሯል፦ ካርዱ ለቁማር እንዳይከፍል ይዘጋል፣ ለማስከፈት የባንኩን ሰው ማነጋገርና 48 ሰዓት መጠበቅ የግድ ነው።

ቀዳዳም አለው። መንገድ ዳር ያሉትን የውርርድ ቤቶች ጋምስቶፕ አይነካቸውም፤ የእነሱ እገዳ ሌላ ነው። የባሰው ደግሞ ውጭ አገር ሆነው ያለ ፈቃድ የሚያጫውቱት ናቸው። «ጋምስቶፕ ውስጥ የለንም» ብለው በግልጽ ያስተዋውቃሉ። ማንን እየጠሩ እንደሆነ አስቡት፤ ላቁም ብሎ የተመዘገበውን ሰው እኮ ነው።

ሌላው ችግር፣ እገዳው የሚጠቅመው «ተይዣለሁ» ብሎ ላመነ ሰው ብቻ መሆኑ ነው። ብዙው እዚያ የሚደርሰው ደመወዙም ብድሩም ካለቀ በኋላ ነው። ስለዚህ ሸክሙን ሁሉ እሱ ላይ ጥሎ «ለምን አልተመዘገበም?» ማለት ለአቋማሪው እንጂ ለሰውዬው አይበጅም። መንግሥትም ይህ የገባው ይመስላል። በኤፕሪል 2020 በክሬዲት ካርድ መቆመር ተከለከለ፤ በ2023 ሕጉን ለዲጂታል ዘመን የሚያስተካክል የማሻሻያ ሰነድ ወጣ። ከ2025 ጀምሮ ኦንላይን ስሎት (ምስሎች ተሽከርክረው ከገጠሙ የሚያሸልመው ጨዋታ) ላይ በአንድ ዙር ከ5 ፓውንድ በላይ ማስያዝ አይቻልም፣ ከ18 እስከ 24 ዓመት ላሉት ደግሞ ከ2 ፓውንድ በላይ። በ30 ቀን ውስጥ ወደ ቁማር አካውንቱ ያስገባው፣ ከዚያው ያወጣው ሲቀነስ፣ ከ150 ፓውንድ የሚበልጥ ሰው ሲኖር ድርጅቱ፣ ለምሳሌ ኪሳራ የታወጀበት እንደሆነ፣ ከሕዝብ መዝገብ ማጣራት አለበት። እነዚህ ማንም ሳይመዘገብ የሚሠሩ ናቸው፤ ለእኔ የሚበልጡትም እነሱ ናቸው።

እንግሊዝ ያላችሁና መመዝገብ ያሰባችሁ፣ አንድ ነገር ልብ በሉ። መዝገቡ ሰውን የሚለየው በሞላችሁት መረጃ ነው። የሐበሻ ስም በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ደግሞ ፓስፖርት ላይ አንድ ዓይነት፣ ባንክ ላይ ሌላ፣ የአያት ስም አንዱ ጋ ገብቶ ሌላው ጋ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አካውንት የከፈታችሁበትን ኢሜይል፣ ስልክና የድሮ አድራሻ ሳይቀር አስገቡ። ስልክ ወይም ቤት ስትቀይሩም ግቡና አስተካክሉት።