ዲጂታል ጤና በባሕር ዳርና በጣና ዳርቻ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በማለዳ ወደ ጤና ጣቢያ የሄደ ሰው እንደሚያውቀው፣ የመጀመሪያው ሰልፍ ያለው ሐኪሙ በር ላይ ሳይሆን ካርድ ክፍሉ መስኮት ላይ ነው። «ዲጂታል ጤና» ሲባል ግን የብዙ ሰው ሐሳብ መስኮቱን ዘልሎ ወደ ቪዲዮ ጥሪና ወደ ስልክ መተግበሪያ ይሮጣል። በዚህ የተነሣ ከቴክኖሎጂው የማይገኘውን ስንጠብቅ፣ የሚገኘውን ሳንጠይቅ እንቀራለን። በከተማውም ሆነ በሐይቁ ዳርቻ ተደጋግመው ከሚሰሙት አመለካከቶች ዋና ዋናዎቹን አንድ በአንድ እንያቸው።

«ዲጂታል ሕክምና ማለት ሐኪምን በስክሪን ማየት ነው»

ይህ ከጠቅላላው ሥራ ትንሹ ክፍል ነው። ትልቁ ሥራ ካርድ ፍለጋው ላይ ነው። አንዲት እናት የካርድ ቁጥሯ የተጻፈበትን ቁራጭ ወረቀት በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ትመጣለች እንበል። ወረቀቱ ካልጠፋ፣ ቁጥሩም ካልደበዘዘ፣ ሠራተኛው ከመደርደሪያው ካርዷን ያወጣል። ከጠፋባት ግን አዲስ ካርድ ይወጣላታል። አዲሱ ካርድ ባዶ ነው። ባለፈው ዓመት የተለካው የደም ግፊቷ፣ ፔኒሲሊን እንደማይስማማት የተጻፈው ማስጠንቀቂያ፣ ተጀምሮ ያልተጠናቀቀው ምርመራ ሁሉ አሮጌው ካርድ ውስጥ ይቀራል። ሐኪሙ ከሀ ብሎ ይጠይቃታል፤ ላብራቶሪውም ይደገማል፤ ክፍያውም እንዲሁ።

ኮምፒውተር ይህን ሊያስቀር ይችላል፤ ሆኖም ለእኛ ስምና ለእኛ አጻጻፍ የተሠራ መሆን አለበት። እኛ የምንለየው በራስ፣ በአባትና በአያት ስም እንጂ በቤተሰብ ስም አይደለም። «ፀሐይ» የተባለችን ታካሚ አንዱ መዝጋቢ በ«ፀ»፣ ሌላው በ«ጸ»፣ አንዱ በ«ሐ»፣ ሌላው በ«ሀ» ይጽፋታል። ሞክሼ ፊደላትን እንደ አንድ ቆጥሮ የማይፈልግ ሶፍትዌር አንዷን ሴት አራት ታካሚ ያደርጋታል። በላቲን ፊደል ሲመዘገብማ የአጻጻፉ ዓይነት ከዚህም ይበዛል። ቀኑም ሌላ ጣጣ አለው። 13 ወር ያለውን የዘመን አቆጣጠራችንን በትክክል የማያሰላ ፕሮግራም ጳጉሜን ላይ የተወለደን ሕፃን የክትባት ቀጠሮ ያዛባል። የፋይዳ መታወቂያ ቁጥር የስም መምታታቱን ለማቃለል ጥሩ መንገድ ነው፤ ነገር ግን ፋይዳ ያላወጣ ታካሚ በዚህ ምክንያት ከመስኮቱ መመለስ የለበትም። ሶፍትዌር የሚገዙና የሚያስገቡ ኃላፊዎች ከማንኛውም ማሳያ በፊት «ፀሐይን በአራቱም አጻጻፍ ፈልጋችሁ አሳዩን» ቢሉ ብዙ ገንዘብና ብዙ ድካም ይተርፋል።

«ስማርት ስልክና ኢንተርኔት የሌለው ሰው አይጠቀምበትም»

እስካሁን ጥቅማቸው በጥናት ከተረጋገጠው መሣሪያዎች አንዱ ተራው አጭር የጽሑፍ መልእክት ነው። በኬንያ የኤችአይቪ መድኃኒት የጀመሩ 538 ሰዎች በሁለት ተከፍለው ክትትል ተደርጎላቸው ነበር። የአንዱ ቡድን አባላት በየሳምንቱ «እንዴት ነህ?» የሚል መልእክት ይደርሳቸዋል፤ እነርሱም በ48 ሰዓት ውስጥ «ደህና ነኝ» ወይም «ችግር አለ» ብለው ይመልሳሉ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2010 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ታተመ። መልእክቱ ከሚደርሳቸው ውስጥ መድኃኒታቸውን በአግባቡ የወሰዱት 62 ከመቶ ሲሆኑ፣ ከማይደርሳቸው ውስጥ ግን 50 ከመቶ ነበሩ። ልብ ሊባል የሚገባው ነገር፣ «ችግር አለ» ላለ ወይም ዝም ላለ ሰው የጤና ባለሙያ ትደውልለት እንደነበር ነው። ከመልእክቱ ጀርባ መልሶ የሚደውል ሰው ከሌለ፣ መልእክቱ ከማስታወቂያ አይለይም።

ማንበብ ለማይችል ሰው ደግሞ በአማርኛ የተቀዳ የድምፅ ጥሪ አለ። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ስልኩ የማን እንደሆነ ላይ ነው። በገጠር ብዙ ሴት በራሷ ስም የምታስመዘግበው የባሏን ወይም የልጇን ቁጥር ነው። ስለ ቤተሰብ ምጣኔ ወይም ስለ ኤችአይቪ የሚላክ መልእክት ሳታውቀው በሌላ ሰው እጅ ላይ ቢወድቅ መዘዙ ለእርሷ ነው። ስለዚህ መዝጋቢው ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን «ስልኩ የማን ነው? በዚህ ቁጥር ምን ብንልክ ይስማማሻል?» ብሎ ሊጠይቅ ይገባል።

ኢንተርኔትን በተመለከተ፣ በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር ማንም አይረሳውም። መስመር ሲጠፋ አብሮ የሚጠፋ የጤና ሥርዓት ለእኛ አይሆንም። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት የኤሌክትሮኒክ የማኅበረሰብ ጤና መረጃ ሥርዓት የተመዘገበውን ታብሌቱ ላይ አስቀምጦ መስመር ሲገኝ የሚልከው ለዚህ ነው።

«ታብሌቱ ላይ ያተኮረች ባለሙያ እኛን አትሰማም»

የሚሰማው ቅሬታ እውነተኛ ነው፤ ድምዳሜው ግን ልክ አይደለም። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ፣ አንድ ጤና ኬላ ከ3,000 እስከ 5,000 ለሚደርስ ሕዝብ እንዲያገለግል ታስቦ ነው የተዋቀረው። ባለሙያዋ ዘጌ ውስጥ ከቡናው ጥላ ሥር ከቤት ቤት ስትዞር፣ የትኛዋ ነፍሰ ጡር ቀጠሮዋ እንዳለፈ፣ የትኛው ሕፃን የኩፍኝ ክትባት እንደቀረው ታብሌቱ ይነግራታል። ይህ ሁሉ ቀድሞ የቤተሰብ ማኅደር በሚባለው የወረቀት አቃፊ ውስጥ ነበር፤ ለማወቅ አቃፊዎቹን አንድ በአንድ መግለጥ ይጠይቃል። ባለሙያዋም «አሁን የምጽፈው የልጅሽን ክብደት ነው» ብላ ስክሪኑን ብታሳይ ጥርጣሬው በአብዛኛው ይወገዳል።

«ኮምፒውተር ከገባ ወረፋ ይጠፋል»

ይህን ተስፋ በጥንቃቄ መያዝ ይሻላል። በእንግሊዝ አገር በ42 የመጀመሪያ ደረጃ ክሊኒኮች ከ20,000 በላይ ታካሚዎች የተሳተፉበት ሰፊ ጥናት ነበር። በዚያው ቀን መታየት የፈለጉ ታካሚዎች መጀመሪያ በስልክ ሐኪም ወይም ነርስ እንድታነጋግራቸው ተደረገ። በቀጣዮቹ 28 ቀናት ታካሚዎቹ ከክሊኒኩ ጋር የተገናኙበት ብዛት በሐኪም ሲሆን በ33 ከመቶ፣ በነርስ ሲሆን በ48 ከመቶ ጨመረ፤ ወጪውም አልቀነሰም። ስልኩ ሥራውን ከቦታ ቦታ አዛወረው እንጂ አላጠፋውም።

እኛ ዘንድ ደግሞ የራሳችን ችግር አለ፤ እርሱም ድርብ ምዝገባ ነው። ነርሷ ታካሚውን ኮምፒውተር ላይ ትመዘግባለች፤ ከዚያ ያንኑ በትልቁ የወረቀት መዝገብ ላይ ትገለብጣለች፤ በወሩ መጨረሻ መዝገቡን ቆጥራ ለሪፖርት ታዘጋጃለች። መብራት ሲጠፋም መመለሻዋ ወረቀቱ ነው። በዚህ ሁኔታ ኮምፒውተሩ በገባበት ክፍል ወረፋው ቢረዝም ሊደንቀን አይገባም። ወረቀቱን ለማስቀረት አስቀድሞ አስተማማኝ የመብራት መጠባበቂያ ሊኖር፣ የበላይ አካልም የወረቀት መዝገብ አሳዩኝ ማለቱን ሊተው ያስፈልጋል። ይህ ውሳኔ ካልተወሰነ ኮምፒውተር መጨመር ለጤና ባለሙያዎች ሸክም መጨመር ነው። እነርሱ ሲደክሙ ደግሞ የሚጎዳው ታካሚው ነው።

«መረጃው ለበላይ አካል ሪፖርት ነው፤ ለታካሚው ምንም አይጨምርለትም»

እስካሁን ባለው አሠራር ይህን የሚሉ ሰዎች ምክንያት አላቸው። አገሪቱ የምትጠቀምበት ዲኤችአይኤስ2 የተባለው የጤና መረጃ ሥርዓት ቁጥሮችን ከጤና ጣቢያ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ክልልና ወደ ጤና ሚኒስቴር ያወጣል። ወደ ታች፣ ወደ ታካሚው የሚመለሰው ግን ጥቂት ነው። ያው መረጃ ምን ሊሠራ እንደሚችል ለማየት ከደቅ ደሴት በጀልባ የሚመጣን የስኳር ሕመምተኛ ማሰብ ይበቃል። ለእርሱ ከሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ ጀልባ ላይ ሳይሳፈር በፊት «መድኃኒቱ አለ ወይ? የላብራቶሪ ባለሙያዋስ ዛሬ ገብታለች ወይ?» የሚለው ነው። መልሱ ጤና ጣቢያው ውስጥ አለ። ዳጉ የተባለው የመድኃኒት ክምችት መከታተያ ሶፍትዌር በሚሠራበት ፋርማሲ ምን ያህል እንደቀረ ይታወቃል። የቀረው ያንን ቁጥር ሰው ደውሎ እንዲያውቀው ማድረግ ብቻ ነው። ጥያቄው የመድህን አባላትንም ይመለከታል፤ አስቀድሞ መዋጮ እየተከፈለ የሚታከሙበት የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን በ2003 ዓ.ም. ሲሞከር ከመጀመሪያዎቹ ወረዳዎች መካከል በጣና አካባቢ ያሉት ፎገራና ደቡብ አቸፈር ነበሩ። መዋጮውን ከፍሎ የመጣ አባል «መድኃኒቱ የለም፤ ከውጭ ግዛ» ሲባል ሁለት ጊዜ ይከፍላል። የጀልባው ሲጨመር ሦስት ይሆናል።

«ሁሉም በስልክ ይታከማል» እና «በስልክ የተባለ ነገር ሕክምና አይደለም»

ሁለቱም ልክ አይደሉም። የላብራቶሪ ውጤት መስማት፣ በመሻር ላይ ያለን ቁስል ፎቶ ለባለሙያ ማሳየት፣ የመድኃኒት አወሳሰድ መጠየቅ፣ ጤና ጣቢያ ያለ ባለሙያ ሆስፒታል ያለ ስፔሻሊስትን ስለ አንድ ታካሚ ማማከሩ በስልክ በሚገባ ይሠራል። በተለይ የመጨረሻው፣ ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ወደ ጥበበ ጊዮን ሆስፒታል ያለ ምክንያት ሪፈር የሚጻፍለትን ሰው ሊቀንስ ይችላል።

በስልክ የማይጠበቁም አሉ። በእርግዝና ወቅት ኃይለኛ ራስ ምታት ከዓይን መደብዘዝ ጋር ወይም ደም መፍሰስ ከታየ፣ ምክር እየጠየቁ መቆየት አይገባም። ሕፃን የሚያስለው ቶሎ ቶሎ እየተነፈሰ ከሆነም እንዲሁ። ልጁ በተረጋጋበት ሰዓት ደረቱ ወይም ሆዱ ሲነሣ እያዩ አንድ ሙሉ ደቂቃ ይቆጥራሉ። ከ2 ወር እስከ 12 ወር ላለ ሕፃን 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 ዓመት እስከ 5 ዓመት ላለ ልጅ 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን አተነፋፈስ ነው፤ ልጁ ወዲያውኑ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት። ስልክ እዚህ ላይ የሚጠቅመው በሰዓት መቁጠሪያነቱና አምቡላንስ በመጥራት ነው።

«ወረቀት ምስጢር ይጠብቃል፤ ኮምፒውተር ያወጣል»

ጠረጴዛ ላይ የተተወ ካርድን ማን እንዳነበበው ማንም አያውቅም። በደንብ የተሠራ ሥርዓት ግን ማን፣ መቼ፣ የማንን መዝገብ እንደከፈተ ይመዘግባል። ይህ ጥቅም አንድ የይለፍ ቃል በአንድ ክፍል ሠራተኞች ሁሉ ሲሠራበት ይጠፋል። የታካሚን ካርድ ወይም ራጅ ከነስሙ ፎቶ አንሥቶ ቴሌግራም ላይ መላክም ከዚህ የከፋ ነው፤ ለማማከር ታስቦ ቢሆን እንኳን ስሙ መሸፈን አለበት። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት ይመድበዋል። ታካሚም «መረጃዬን ማን ያየዋል?» ብሎ መጠየቅ መብቱ ነው።

«የተደራሽነት ችግር ሁሉ በቴክኖሎጂ ይፈታል»

በአገራችን የኤችአይቪ መድኃኒት ተጠቃሚዎችን ከመመላለስ ካሳረፉት ለውጦች አንዱ መተግበሪያ አልነበረም። ሁኔታቸው የተረጋጋ ታካሚዎች የ6 ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ እንዲወስዱ መወሰኑ ነው። በየወሩ ለደም ግፊት ክኒን ብቻ ከዘጌ ወይም ከደቅ የሚመላለስ አዛውንት፣ ግፊቱ ተስተካክሎ ከቆየ፣ የበርካታ ወር መድኃኒት በአንዴ ቢሰጠው ግማሽ መፍትሔ አገኘ ማለት ነው። ግማሹ ደግሞ በመካከሉ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ቤቱ ድረስ ሄዳ ግፊቱን ለክታ ታብሌቷ ላይ ስትመዘግበው፣ ጤና ጣቢያ ያለው ሐኪምም ቁጥሩ ከፍ ማለቱን አይቶ ሲደውልለት ነው።