«ሃይ-ራይዝ» ፊልም ለምን አልሆነም? የሚባለውና እውነቱ

የእንግሊዛዊው ደራሲ ጄ. ጂ. ባላርድ ልብ ወለድ «ሃይ-ራይዝ» የታተመው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው። ለንደን ውስጥ አርባ ፎቅ፣ አንድ ሺህ አፓርታማና ሁለት ሺህ ነዋሪ ያለው አዲስ ሕንፃ ይቆማል፤ በሦስት ወር ውስጥ ጎረቤት በጎረቤቱ ላይ ዱላ ያነሳል። ዳይሬክተሩ ቤን ዊትሊ እ.ኤ.አ. በ2015 ወደ ፊልም ሲያመጣው ተዋናዮቹ ቶም ሂድልስተንና ጄረሚ አይረንስ ስላሉበት ብዙ ጠብቄ ነበር። ጠብቄ ቀረሁ። ይሁን እንጂ ስለ ፊልሙም ስለ መጽሐፉም የሚወራው ብዙው ነገር ልክ አይደለም።

«የድሃና የሀብታም ጦርነት ነው»

ፊልሙን ብቻ ያየ ሰው እንዲህ ቢል አይፈረድበትም። ሰገነቱ ላይ ፈረስ ቆሟል፤ የላይኞቹ የ18ኛውን ክፍለ ዘመን የመኳንንት ልብስ ለብሰው ይጨፍራሉ። መጽሐፉ ውስጥ ግን አንድም ድሃ የለም። ከታች የሚኖሩት የፊልም ቴክኒሻኖችና የበረራ አስተናጋጆች ናቸው፤ ከመሃል ሐኪሞችና ጠበቆች። ሁሉም የተማሩ፣ ሁሉም ደህና ደመወዝተኞች። ጠባቸው የእንጀራ ጉዳይ አይደለም። የማን ውሻ በየትኛው ሊፍት ይውጣ፣ የማን ልጅ ገንዳው ውስጥ ይንቦጫረቅ ነው ነገሩ። አንድ ምሽት መብራት ይጠፋል፤ ሲመለስ የአንዲት የላይኛው ፎቅ ነዋሪ ውሻ አሥረኛ ፎቅ ያለው መዋኛ ውስጥ ሞቶ ይገኛል። ከዚያ ወዲያ ሰላምታ የለም። ደራሲው የሚያሳየን መደብ ከምንም ተነስቶ በፎቅ ቁጥር ሲበቅል ነው፤ ለእኔ ከድሃና ከሀብታም ጠብ ይልቅ የሚያስፈራው ይህ ነው።

«ጥፋቱ የሕንፃው ነው»

በሩን የዘጋባቸው የለም። ጠዋት ሥራ ይሄዳሉ፣ ማታ ወደዚያው ቆሻሻ ይመለሳሉ። አንድ የጌጣጌጥ ነጋዴ ከላይ ወድቆ ሲሞት እንኳ ፖሊስ የሚጠራ ይጠፋል። ወደውታላ!

«ፊልሙ የተበላሸው ከመጽሐፉ ስለራቀ ነው»

እንዲያውም ብዙ አልራቀም። እንደ መጽሐፉ ዋናው ገጸ ባሕርይ ዶክተር ሌንግ በረንዳው ላይ የውሻ ሥጋ ሲበላ ይጀምራል፤ ገጸ ባሕርያቱም በየፎቃቸው አሉ። የጎደለው ጊዜ ነው። ባላርድ እያንዳንዷን ነውር ከትናንቷ በጥቂቱ ብቻ ከፍ እያደረገ ስለሚወስደን አንባቢው መቼ እንደተስማማ ሳያውቀው ራሱን እዚያው ያገኘዋል። ፊልሙ ያንን ሁሉ በሙዚቃ በታጀቡ ቁርጥራጭ ትዕይንቶች ያልፈዋል፦ ጭፈራ፣ የቆሻሻ ክምር፣ ሱፐርማርኬት ውስጥ ድብድብ። የፊቱን አየን፣ የኋላውን አየን፤ በመሃል ያለው ደረጃ የለም። ሰዎቹ አብደው እንጂ እያበዱ አላገኘናቸውም።

«ተቸኩሎ የተሠራ ነው»

ፕሮዲውሰሩ ጄረሚ ቶማስ ሐሳቡን የያዘው እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ ነው።

«የታቸር ንግግር መዝጊያውን ጥልቀት ሰጠው»

ፊልሙ የሚያበቃው አንድ ልጅ የብሪታንያ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረችው ማርጋሬት ታቸር ስለ ካፒታሊዝም ስትናገር በሬዲዮ ሲያዳምጥ ነው። ተመልካች «ለካ ጥፋተኛዋ እሷ ናት» ብሎ ቀለል ብሎት ወደ ቤቱ ይሄዳል። ባላርድ ግን የሚወቀስ ሰው አላዘጋጀልንም። መጽሐፉ ሲያልቅ ሌንግ በረንዳው ላይ ተቀምጦ አጠገቡ ወዳለው ሕንፃ ይመለከታል። እዚያም መብራት ጠፍቷል፤ በጨለማው ውስጥ የእጅ ባትሪዎች ወዲያ ወዲህ ይላሉ። እሱም ደስ ብሎት ያያቸዋል።