ካላንቾን የሚገድለው ጥማት አይደለም፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ካላንቾ ወፍራም ቅጠል ያለው፣ ጥቃቅን አበቦቹን ዘለላ አድርጎ በቀይ፣ በቢጫ፣ በሮዝ ወይም በነጭ የሚያወጣ የቤት ውስጥ ተክል ነው። መነሻው ማዳጋስካር ነው። ሮበርት ብሎስፌልድ የተባለ ጀርመናዊ አበባ አራቢ በ1932 እ.ኤ.አ. ፖትስዳም ላይ ለገበያ አቀረበው፤ ካላንቾ ብሎስፌልዲያና የሚለው ሳይንሳዊ ስሙም ከእሱ የመጣ ነው። በአማርኛ እንዳሁላ የምንላቸው ተክሎች የዚሁ ወገን ናቸው። ድርቅ ቻይ ስለሆነ ማንም የሚያሳድገው ይመስላል። ችግሩ፣ አብዛኛው ካላንቾ የሚሞተው ተረስቶ ሳይሆን አብዝተው ሲንከባከቡት መሆኑ ነው።

«በሳምንት አንድ ቀን ትንሽ ውሃ ይበቃዋል»

እዚህ ላይ ሁለት ስህተት አለ፤ አንዱ ቀን መቁጠሩ፣ ሌላው «ትንሽ» የሚለው። ደማቅ መስኮት ላይ በ7 ቀን የሚደርቅ አፈር፣ ቀዝቃዛና ጨለም ያለ ጥግ ላይ 3 ሳምንት እርጥብ ሆኖ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ጣትዎን 4 ሴንቲ ሜትር ያህል አፈሩ ውስጥ ይክተቱ፤ እርጥበት ከተሰማዎት ይተዉት። ፖቱን አንስቶ ክብደቱን መገመትም ይቻላል፣ የደረቀ ፖት በግልጽ ይቀላል።

ማጠጣት ሲያስፈልግ ደግሞ በደንብ ነው፦ ከሥር ባለው ቀዳዳ ውሃው እስኪወጣ ድረስ ያፍስሱ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ማስቀመጫ ሳህኑ ላይ የተጠራቀመውን ይድፉ። በማንኪያ እየለኩ በየቀኑ ማቅመስ የላዩን አፈር ብቻ ያረጥባል፤ ታች ያለው ሥር እየደረቀ ይሞታል። ሥር ውሃ ብቻ ሳይሆን አየርም ይፈልጋል። በአፈሩ ቅንጣቶች መካከል ያለው ክፍተት ሁልጊዜ በውሃ ከተሞላ ሥሩ ይታፈናል፤ የታፈነውን ሥር ደግሞ አበስባሽ ተሕዋስያን ቶሎ ይወርሩታል።

«ቅጠሉ ከተሸበሸበ ጠምቶታል»

አንዳንዴ ልክ ነው፣ አንዳንዴ ተክሉን የሚጨርሰው ይኸው ግምት ነው። ሥሩ የበሰበሰ ካላንቾ ውሃ ውስጥ ቆሞ ውሃ መሳብ አይችልም፤ ስለዚህ እንደተጠማ ተክል ቅጠሉ ይሸበሸባል። ባለቤቱም ያጠጣዋል፣ ብስባሹም ይብሳል።

መለያው አፈሩና ግንዱ ናቸው። አፈሩ ደረቅ፣ ግንዱ ጠንካራ ከሆነ ጥማት ነው፤ ካጠጡት በጥቂት ቀናት ውስጥ ቅጠሉ ይሞላል። አፈሩ እርጥብ ሆኖ የታችኞቹ ቅጠሎች ቢጫና ልስልስ ካሉ፣ ወይም የግንዱ ሥር ከጠቆረ መበስበስ ነው። ያን ጊዜ ተክሉን ከፖቱ ያውጡ። ጤናማ ሥር ነጣ ያለና ጠጣር ነው፤ የበሰበሰው ቡናማ ሆኖ በጣት ሲነካ ይሟሽሻል። የሟሸሸውን ሁሉ በንጹሕ መቀስ ቆርጠው በአዲስ ደረቅ አፈር ይትከሉት፣ ለጥቂት ቀናትም አያጠጡት። ጥቁረቱ ግንዱን ይዞ ወደ ላይ ከወጣ ግን ሥሩን ለማዳን አይድከሙ። ከጤናማው ጫፍ 8 ሴንቲ ሜትር ያህል ይቁረጡ፣ የታች ቅጠሎቹን ያንሱ፣ የተቆረጠው ጫፍ እስኪደርቅ 2 ወይም 3 ቀን ጥላ ውስጥ ያቆዩት፣ ከዚያ ይትከሉት። ብዙውን ጊዜ በ3 ሳምንት ገደማ ሥር ይሰዳል።

«ፖቱ ሥር ጠጠር ከተደረገ ውሃው ይጠልላል»

አይጠልልም። ውሃ ከደቃቅ አፈር ወደ ትልልቅ ጠጠር የሚወርደው አፈሩ ጠግቦ መያዝ ሲያቅተው ብቻ ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ እርጥብ ሆኖ የሚቀረው የአፈር ንብርብር ከጠጠሩ በላይ ይቀመጣል፣ ወደ ሥሩም ይቀርባል። ቀዳዳ የሌለውን ፖት ጠጠር አያድነውም። መፍትሔው ድብልቁ ላይ ነው፦ 2 እጅ የአበባ አፈር፣ 1 እጅ ፐርላይት ወይም ፐሚስ (ሁለቱም አፈሩን የሚያናፍሱ ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ቅንጣቶች ናቸው)። ሸካራ አሸዋም ይሆናል፤ ደቃቅ አሸዋ ግን ክፍተቶቹን ደፍኖ አፈሩን ያጠጥረዋል። ሰፊ ፖትም ውለታ አይደለም፤ ሥሩ የማይደርስበት አፈር ሳይደርቅ ይቆያል። ከሥሩ ስብስብ በ2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር የሚሰፋ ይበቃል።

«የበረሃ ተክል ስለሆነ ጠራራ ፀሐይ ይወዳል»

የሚወደው ደማቅ ብርሃን ነው፤ የጠዋት ፀሐይም ይስማማዋል። በመስኮት መስታወት የሚገባ የቀትር ፀሐይ ግን፣ በተለይ ጥላ ለለመደ ተክል፣ ቅጠሉ ላይ ቡናማ ጠባሳ ይተዋል። የቅጠሉ ዳር ቢቀላ አይደንግጡ፤ ለብርሃን የሚሰጠው ምላሽ ነው። ግንዱ ቀጥኖ ከረዘመና ቅጠሎቹ ከተራራቁ ብርሃን አንሶታል። ብርድ ላይ ግን ድርድር የለም፤ ከ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች መዋል የለበትም።

«አንዴ ካበበ አበቃለት፤ ወይም ማዳበሪያ ጨምሩለት»

ብዙ ካላንቾ በሕይወት እያለ የሚጣለው በዚህ የተነሳ ነው። ካላንቾ ለብዙ ዓመት ይኖራል፤ እንደገና የሚያብበው ግን ረጅም ሌሊት ሲያገኝ ነው። ቅጠሉ ውስጥ ያለ ፋይቶክሮም የተባለ ፕሮቲን ብርሃንና ጨለማን ይለያል፤ ተክሉም ያልተቋረጠውን ጨለማ ርዝመት ይለካል። ምሽቱን ሙሉ መብራት በሚበራበት ሳሎን ውስጥ የሚኖር ካላንቾ ሌሊቱ ሁልጊዜ አጭር ይሆንበታል፣ ስለዚህ ቅጠል ብቻ ያወጣል። ናይትሮጅን የበዛበት ማዳበሪያ ይህንኑ ቅጠል ያበዛል እንጂ አበባ አያመጣም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አበባው ሲደርቅ ዘንጉን እስከ መጀመሪያዎቹ ጤናማ ቅጠሎች ድረስ ይቁረጡ። ለጥቂት ወራት በደማቅ ብርሃን ያሳድጉት፣ በወር አንዴ ማሸጊያው ላይ ከተጻፈው መጠን በግማሽ የቀጠነ ማዳበሪያ ይስጡት። ከዚያ በየቀኑ ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት ብርሃን በማያስገባ ካርቶን ይሸፍኑት፤ 14 ሰዓት ጨለማ ማለት ነው። ቀን ቀን ደማቅ ቦታ ይመልሱት። ይህ ለ6 ሳምንት ይቀጥላል። እኩለ ሌሊት ላይ «እስኪ ልየው» ብሎ መብራት ማብራት ቆጠራውን ያበላሻል፣ በመስኮት የሚገባ የመንገድ መብራትም እንዲሁ። ሌሊቱ በጣም ከሞቀ እምቡጡ ይዘገያል። እምቡጥ ሲታይ ካርቶኑ አያስፈልግም፤ አበባው ለመከፈት ግን ተጨማሪ ሳምንታት ይወስዳል፣ ትዕግሥት ያሻል።

ያበበውን ተክል ከበሰለ ሙዝ ወይም ፖም አጠገብ አያስቀምጡት። ፍሬዎቹ የሚለቁት ኤትሊን ጋዝ አበባውን ያለ ጊዜው ያከስመዋል። ሲገዙም አብዛኛው እምቡጥ ሆኖ ጥቂቱ የተከፈተውን ይምረጡ፤ ሙሉ በሙሉ የፈካው ከአበባው ዕድሜ የተወሰነው ከሱቅ ሳይወጣ አልፏል።

«ቅጠሉ ላይ ውሃ መርጨት ያድሰዋል»

አያስፈልገውም። በቅጠሎቹ መካከል የሚቆይ እርጥበት ለሻጋታ በሽታ ይመቻል። አቧራ ካለ በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉ። በቅጠሉ ብብት ላይ ጥጥ የመሰለ ነጭ ነገር ካዩ ተባይ ነው፤ 70 በመቶ አልኮል በነካ ጥጥ እያነሱ በየሳምንቱ ይመልከቱት።

«ሌሊት ኦክስጅን ይሰጣል»

እንደ ብዙ ውሃ ቋጣሪ ተክሎች ካላንቾ ሌሊት የቅጠሉን ቀዳዳዎች ከፍቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሰበስባል፤ በቀን ሙቀት ውሃ እንዳያባክን ነው። ኦክስጅን የሚሠራው ግን ብርሃን ሲኖር ብቻ ነው። ለማንኛውም የአንድ ፖት ተክል የክፍልን አየር አይለውጥም።

«የጌጥ ተክል ስለሆነ ማንንም አይጎዳም»

መንካቱ አይጎዳም፣ መብላቱ ግን አደጋ ነው። ካላንቾ ቡፋዳይኖላይድ የሚባሉ ልብን የሚያውኩ ውህዶች አሉት፤ መርዙ አበባው ላይ ይበረታል። ድመት ወይም ውሻ ቢበላው ያስመልሰዋል፣ ያስቀምጠዋል፤ ብዙ ከበላ የልብ ምቱ ሊዛባ ይችላል። የቤት እንስሳ ካለ ፖቱ ከፍ ያለ ቦታ ይቀመጥ፣ የረገፈውም አበባ ከወለሉ ይነሳ። ከበላ ምልክት እስኪታይ ሳይጠብቁ የተክሉን ቁራጭ ይዘው ወደ እንስሳት ሐኪም ይሂዱ።