«ደምና አሸዋ»፦ የሴቪያው ማታዶር ፊልም

«ደምና አሸዋ» በ1941 እ.ኤ.አ. በትዌንቲዬዝ ሴንቸሪ ፎክስ የተሠራ፣ የአንድን ስፔናዊ ኮርማ ተፋላሚ ሕይወትና ፍቅር የሚተርክ ባለቀለም የሆሊውድ ፊልም ነው። መነሻው የቫሌንሲያው ተወላጅ ቪሴንቴ ብላስኮ ኢባኜዝ በ1908 ያሳተመው ልብ ወለድ ነው። ደራሲው ራሱ በ1916 ወደ ፊልም ለውጦት ነበር። በ1922 ደግሞ ሩዶልፍ ቫለንቲኖ የተወነበት ድምፅ አልባ ፊልም ወጣ። አርታኢዋ ዶሮቲ አርዝነር በማድሪድ የተቀረጹ እውነተኛ የፍልሚያ ምስሎችን ከቫለንቲኖ ትዕይንቶች ጋር አዋህዳ የሠራችበት በመሆኑ፣ ይህም ሥራ እስካሁን በክብር ይነሳል።

ታሪኩ በስፔኗ ከተማ በሴቪያ ይጀምራል። ሁዋን ጋያርዶ አባቱን ኮርማ የገደለበት የድሃ ልጅ ነው። ማንበብና መጻፍ አይችልም፤ የሚያውቀው ፍልሚያ ብቻ ነው። ዝናው ሲገን የልጅነት ፍቅረኛውን ካርመንን ያገባል፤ ቤቱ በዘመድና በጥገኛ ይሞላል። ከዚያ ዶኛ ሶል የምትባል ባለጸጋ ወይዘሮ ትመጣና ልቡን ትወስደዋለች። ልምምዱን ይተዋል፤ ዕዳ ይከመርበታል፤ ሚስቱ ትሄዳለች። ዶኛ ሶልም በበኩሏ እንደ እሱ ኮርማ ተፋላሚ የሆነውን የልጅነት ጓደኛውን ማኖሎን ትመርጣለች። ከማኖሎ ጋር ስትጨፍር ሁዋን ተቀምጦ የሚያይበት ትዕይንት ውርደቱን ያለ ብዙ ንግግር ይነግረናል።

ሁዋንን ታይሮን ፓወር፣ ካርመንን ሊንዳ ዳርኔል፣ ማኖሎን አንቶኒ ኩዊን ይጫወታሉ። ከሁሉም ጎልታ የምትታየው ግን ዶኛ ሶልን ሆና የቀረበችው ሪታ ሄይዎርዝ ናት። ከኮሎምቢያ ፒክቸርስ የፊልም ኩባንያ በውሰት መጥታ የሠራችው ይህ ሚና ወደ ታላላቆቹ ተዋናዮች ተርታ አሸጋገራት።

የፊልሙ እውነተኛ ኃይል ግን ቀለሙ ነው። በቲፍሊስ የተወለደው አርመናዊ አዘጋጅ ሩበን ማሙሊያን እያንዳንዱን ክፍል በስፔን ሠዓሊዎች ዓይን ለማየት ቆርጦ ተነሳ። ለድህነቱ የሙሪዮን፣ ለጸሎት ቤቱ የኤል ግሬኮን ሥዕሎች አርአያ አደረገ። በቀረጻው ቦታ ቀለም መርጫ ይዞ ያልወደደውን ዕቃና ልብስ እዚያው ያቀልመው ነበር። ሙዚየም ገብቶ ሥዕሎቹን ያየ ሰው ፊልሙን ሲመለከት የሚያውቀው ብርሃን ይገጥመዋል። በዚያ ዘመን ብዙ ባለቀለም ፊልሞች ዓይን የሚያጥበረብር ድምቀት ብቻ ሲያሳዩ፣ እዚህ ግን ጥላውም ጥቁሩም ትርጉም አለው። የኧርነስት ፓልመርና የሬይ ሬናሃን የካሜራ ሥራም በባለቀለም ፊልም ቀረጻ ዘርፍ ኦስካር አሸንፏል።

ፊልሙን የፍቅር ታሪክ ብቻ አድርጎ መመልከት ግን ይበድለዋል። በታሪኩ ውስጥ ኩሮ የተባለውን የኮርማ ፍልሚያ ሃያሲ እንመልከት። ሁዋንን መጀመሪያ ያዋርደዋል፣ ሲገን ወደ ሰማይ ይሰቅለዋል፣ ሲደክም ደግሞ ወደ ማኖሎ ይዞራል። ተመልካቹም እንዲሁ ነው። ኢባኜዝ በመጽሐፉ መጨረሻ እውነተኛው አውሬ በመቀመጫዎቹ ላይ የሚጮኸው ሕዝብ መሆኑን በግልጽ ጽፏል፤ ማሙሊያንም ይህን ሐሳብ አልጣለውም። ሁዋን የመጨረሻዬ ነው ባለው ፍልሚያ በኮርማ ተወግቶ በካርመን እቅፍ ሲሞት፣ ሕዝቡ በሜዳው ለማኖሎ እያጨበጨበ ነው። በ1989 ሻሮን ስቶን ዶኛ ሶልን ሆና የተወነችበት ሌላ ፊልም በስፔን ተሠርቷል፤ ከ1941ዱ ጋር ግን የሚወዳደር አይደለም።